ድምፅ ሳያሰማ የሚያረጀው የኋላ ሾክ አብዞርበር እና የመስክ ተሽከርካሪዎች ደህንነት

ጊዜው ከማለዳው 12 ሰዓት ነው፡፡ በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ለመስክ ሥራ የተመደበ ላንድክሩዘር ሞተሩ ተነስቶ ተጓዦቹን ይጠብቃል፡፡ ፖርቶ መጋላው በሻንጣና በትርፍ ጎማ ተሞልቷል፡፡ ከኋላ ፊት ለፊት በተዘረጉት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ባለሙያዎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፡፡ አስፋልቱ እስኪያልቅ ድረስ ጉዞው ሰላማዊ ነው፡፡ የጠጠሩ መንገድ ሲጀምር ግን የመኪናው የኋላ ክፍል አንድ ጊዜ ከተነሳ ቶሎ አይረጋም፡፡ ጉብታ ባለፈ ቁጥር ሁለትና ሦስት ጊዜ ይዘላል፤ ኩርባ ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል፡፡ ከተጓዦቹ የአንዱ ራስ ከጣሪያው ጋር ሲጋጭ ሁሉም መንገዱን ያማርራሉ፡፡

መንገዱ የራሱ ድርሻ እንዳለው አይካድም፡፡ ይሁንና በተመሳሳይ መንገድ፣ በተመሳሳይ ፍጥነትና ጭነት የሚጓዝ ሌላ ተመሳሳይ መኪና መሬቱን ይዞ ሲሄድ ከታየ ችግሩ ከመንገዱ ብቻ እንዳልሆነ መረዳት ይቻላል፡፡ ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ዓይነቱ ዝላይ በስተጀርባ የሚገኘው ከመኪናው ሥር የተሰቀለ፣ በአቧራና በጭቃ የተሸፈነና ማንም ልብ የማይለው አንድ መለዋወጫ ነው፡፡ ይኸውም በተለምዶ «ሾክ» እየተባለ የሚጠራው ሾክ አብዞርበር ነው፡፡

የሾክ አብዞርበር እርጅና ከሌሎች ብልሽቶች የሚለይበት ዋነኛ ባህርይ መኪናውን የማያቆም መሆኑ ነው፡፡ ባትሪ ሲደክም ሞተሩ አይነሳም፡፡ ጎማ ሲተነፍስ ጉዞው ይቋረጣል፡፡ ሾክ ሲያረጅ ግን መኪናው መጓዙን ይቀጥላል፡፡ ድካሙም ቀስ በቀስ የሚመጣ በመሆኑ አሽከርካሪው ሳይታወቀው ከመኪናው ሁኔታ ጋር ራሱን ያላምዳል፡፡ በዚህም ምክንያት የጥገና ጥያቄው ዘግይቶ ይቀርባል፤ ከቀረበም በኋላ «መኪናው እየሄደ አይደለም ወይ?» በሚል ምላሽ ሊታለፍ ይችላል፡፡ የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያረጀ የኋላ ሾክ እንዴት እንደሚለይና እንደሚለወጥ ማብራራት፣ እንዲሁም ጉዳዩ የምቾት ሳይሆን የሰው ሕይወትና የሕዝብ ንብረት ጥበቃ መሆኑን ማሳየት ነው፡፡

ጉዳዩ በአሁኑ ወቅት ትኩረት የሚሻበት ተጨማሪ ምክንያትም አለ፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ መጣሉ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግስት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል፡፡ እንዲህ ባለ ሁኔታ በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ በአግባቡ ጠብቆ ለረጅም ጊዜ መጠቀም ለመሥሪያ ቤቶችም ሆነ ለግለሰቦች የሚያዋጣ መንገድ ይሆናል፡፡ ረጅም ዕድሜ የሚጠበቅበት መኪና ደግሞ ከሞተሩ ባልተናነሰ የተሸካሚ ክፍሉ ጤንነት ሊታይለት ይገባል፡፡

ሾክ አብዞርበር ምን ይሠራል?

ብዙዎች የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሾክ አብዞርበር ይመስላቸዋል፡፡ ይህ የተሳሳተ ግንዛቤ ነው፡፡ ክብደቱን የሚሸከመው ሞላ ወይም ባሌስትራ ነው፡፡ በአገራችን «ሃርድ ቶፕ» በመባል የሚታወቀው ባለ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘር የኋላ ክፍሉ በባሌስትራ ላይ ሲያርፍ፣ ፕራዶና ባለ 80 ተከታታይ ላንድክሩዘር ደግሞ ከኋላ ሞላ የተገጠመላቸው ናቸው፡፡ ጎማው ጉብታ ሲወጣ ሞላው ወይም ባሌስትራው ይታመቃል፤ ቀጥሎም የታመቀበትን ኃይል መልሶ ይለቃል፡፡ የሚቆጣጠረው ነገር ከሌለ መታመቁና መለጠጡ እየተደጋገመ መኪናው እንደ ኳስ ይነጥራል፡፡

ይህን መንጠር የሚገታው ሾክ አብዞርበር ነው፡፡ በውስጡ ዘይት የተሞላ ቱቦ፣ በዘይቱ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ፒስቶን፣ ፒስቶኑን ከውጭ ጋር የሚያገናኝ የለሰለሰ የብረት ዘንግ እና ዘይቱ እንዳይወጣ የሚከላከል ፓራዮሊ ይገኙበታል፡፡ ፒስቶኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎችና ቫልቮች ውስጥ ተገድዶ ያልፋል፡፡ በዚህ ሂደት የእንቅስቃሴው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጥና በቱቦው ግድግዳ በኩል ወደ አየር ይበተናል፡፡ በመሆኑም በሥራ ላይ ያለ ጤነኛ ሾክ መሞቁ የብልሽት ሳይሆን ሥራውን የመሥራቱ ምልክት ነው፡፡

ሾኮች በአሠራራቸው በሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፈላሉ፡፡ የመጀመሪያው አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ቱቦዎች ያሉት ሲሆን፣ ዘይቱ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል፡፡ ሁለተኛው ባለ አንድ ቱቦ ሆኖ ዘይቱ ከፍተኛ ግፊት ካለው የናይትሮጂን ጋዝ በተንሳፋፊ ፒስቶን ተለይቶ የሚቀመጥበት ነው፡፡ የመጀመሪያው ዋጋው ዝቅ የሚልና የውጭ ቱቦው ቢጎዳ እንኳ ወዲያው ሥራውን የማያቆም ሲሆን፣ ሁለተኛው ሙቀትን በተሻለ ፍጥነት ያስወግዳል፡፡ ነገር ግን ድንጋይ መትቶ ቱቦውን ካጎደጎደው ፒስቶኑ ሊነክስ ይችላል፡፡ ባለ ሁለት ቱቦ ሾክም ዝቅተኛ ግፊት ያለው ጋዝ ተጨምሮለት ሊሠራ ይችላል፡፡ ይህም ዘይቱ በፍጥነት ሲመላለስ አረፋ እንዳይሠራ ያግዛል፡፡

የጠጠር መንገድ በሾክ ላይ የሚያሳድረው ጫና

በርካታ የመስክ ሥራዎች የሚከናወኑት ከአስፋልት በራቁ አካባቢዎች ነው፡፡ የጠጠር መንገድ ጥገና ሳይደረግለት ሲቆይ ገጽታው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ሞገድ ይሠራል፡፡ የጫናውን መጠን ለመገመት ቀላል ስሌት ማየት ይበቃል፡፡ ሞገዶቹ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተደረደሩ ናቸው ቢባል፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ጎማ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ27 ጊዜ በላይ ይመታል፡፡ በአንድ ሰዓት ጉዞ ድምሩ 100 ሺህ ምት ይደርሳል፡፡ እያንዳንዱን ምት የሚያበርደው ይኸው ትንሽ ቱቦ ነው፡፡

ጉዞው ሳይቋረጥ ሲቀጥል የዘይቱ ሙቀት ይጨምራል፤ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ከአየር ወይም ከጋዝ ጋር ሲደባለቅም አረፋ ይሆናል፡፡ አረፋ የሆነ ዘይት ለፒስቶኑ በቂ ተቃውሞ ስለማይሰጥ ሾኩ ለጊዜው ሥራውን ያቆማል፡፡ ጤነኛ ሾክ ሲቀዘቅዝ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል፡፡ ያረጀው ግን ፓራዮሊው ተበልቶ ዘይት የቀነሰበት ስለሆነ በአጭር ርቀት ይሞቃል፤ ቶሎም ይደክማል፡፡ አቧራና ጭቃ በለሰለሰው ዘንግ ላይ ተለጥፎ ሲመላለስ ፓራዮሊውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል፡፡

የኋላ ሾኮች ከፊተኞቹ ይልቅ የተለየ ፈተና አለባቸው፡፡ ሹፌሩ ብቻውን ሲጓዝ የመኪናው የኋላ ክፍል ቀላል ነው፡፡ ተሳፋሪ፣ የነዳጅ በርሜልና የሥራ መሣሪያ ሲጫን ደግሞ ክብደቱ በእጅጉ ይለወጣል፡፡ በዚህ ሁሉ ልዩነት ውስጥ ጎማውን ከመሬት ጋር አገናኝቶ ማቆየት የሚጠበቅበት አንድ ጥንድ ሾክ ነው፡፡

የእርጅና ምልክቶች

የመጀመሪያው ምልክት መኪናው ጉብታ ካለፈ በኋላ የሚያሳየው ባህርይ ነው፡፡ ጤነኛ ሾክ ያለው መኪና አንድ ጊዜ ተነስቶ ይረጋል፡፡ ያረጀ ሾክ ያለው ግን ደጋግሞ ይወዛወዛል፡፡ ሁለተኛው ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ከመጠን በላይ ወደ መሬት መደፋቱና የኋላው ክፍል መነሳቱ ነው፡፡ በዚህ ጊዜ ከኋላ ጎማዎች ላይ ክብደት ስለሚቀንስ የኋላ ፍሬን አቅሙን ያጣል፡፡ ጎማው በሸካራ መንገድ ላይ እየዘለለ ከሆነ ደግሞ በአየር ላይ ባለበት ቅጽበት ፍሬንም ሆነ መሪ ሊረዳው አይችልም፡፡ ጎማ መሬት ሲነካ ብቻ እንደሚያቆም መዘንጋት አይገባም፡፡

ሦስተኛው ምልክት ኩርባ ላይ የሚታይ ነው፡፡ የጠጠር መንገድ ኩርባ ሞገድ ከሠራ፣ የኋላ ጎማዎቹ እየነጠሩ ወደ ውጭ ይንሸራተታሉ፡፡ አሽከርካሪው መሪውን ወደ ተቃራኒው ሲመልስ መኪናው በድንገት መሬት ቆንጥጦ ሊገለበጥ የሚችልበት አጋጣሚ ይፈጠራል፡፡ ቁመታቸው ረዘም ያለና ፖርቶ መጋላቸው የተጫነ የመስክ ተሽከርካሪዎች ለዚህ ዓይነቱ አደጋ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፡፡ አራተኛው ምልክት በጎማው ገጽ ላይ ይነበባል፡፡ እጅ በጎማው ዙሪያ ሲዳብስ ከፍና ዝቅ የሚል፣ በየተወሰነ ርቀት እንደ ሲኒ ጎድጎድ ያለ አበላል ከተገኘ ጎማው መሬቱን እየዘለለ ሲመታ እንደቆየ ያመለክታል፡፡ አምስተኛው ከኋላ ከመኪናው ሥር የሚሰማ የ«ኳ ኳ» ድምፅ ሲሆን፣ ይህ በአብዛኛው የሾኩ ማያያዣ ጎሚኒ ማለቁን ወይም ዳዶው መላላቱን ይጠቁማል፡፡

ፍተሻው እንዴት ይከናወናል?

በቅድሚያ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞና ጎማዎቹ ታኮ ተደርጎባቸው በዓይን መመርመር ይኖርበታል፡፡ በሾኩ አካል ላይ ስስ የዘይት ወዝና አቧራ መታየቱ ብቻውን ሾኩን ለመጣል ምክንያት አይሆንም፤ ዘንጉ ሲመላለስ ጥቂት ዘይት ይዞ መውጣቱ የተለመደ ነውና፡፡ ዘይቱ ከላይ እስከ ታች አርሶት ከተገኘ፣ ወይም ተጠርጎ ከጥቂት ቀናት ጉዞ በኋላ እንደገና እርጥብ ከሆነ ግን ፓራዮሊው ሥራውን አቁሟል፡፡ በተጨማሪም ዘንጉ መጣመም፣ መዛግ ወይም መጫጫር፣ ቱቦው መጎድጎድ፣ ጎሚኒዎቹ መሰንጠቅ፣ ማሰሪያው በሻንሲው ላይ የተበየደበት ቦታ መሰነጣጠቁ መታየት አለበት፡፡

ሁለተኛው በስፋት የሚታወቀው የመጫን ሙከራ ነው፡፡ የመኪናውን የኋላ ጥግ በክብደት ደጋግሞ ወደ ታች በመጫን ማወዛወዝና በድንገት መልቀቅ ሲሆን፣ ከአንድ ወይም ከአንድ ተኩል ጊዜ በላይ ከተወዛወዘ ሾኩ ደክሟል ለማለት ይቻላል፡፡ ሆኖም ይህ ሙከራ ለአነስተኛ አውቶሞቢል የተሻለ እንጂ ጠንካራ ባሌስትራ ላለው ሃርድ ቶፕ እምብዛም አያስተማምንም፡፡ የባሌስትራው ንጣፎች እርስ በርስ የሚፋተጉ በመሆኑ ሾኩ ቢሞትም እንኳ መኪናው በእጅ ግፊት ላይወዛወዝ ይችላል፡፡ በዚህ ሙከራ ብቻ ተመርኩዞ «ደህና ነው» ብሎ መፈረም ስህተት ላይ ይጥላል፡፡

ለመስክ ተሽከርካሪ ይበልጥ የሚጠቅመው የሙቀት ንጽጽር ነው፡፡ መኪናው በሸካራ መንገድ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንደተጓዘ ቆሞ የሁለቱ የኋላ ሾኮች ሙቀት ይነጻጸራል፡፡ ሁለቱ እኩል ሞቀው ሲገኙ ሁለቱም እየሠሩ መሆናቸውን ያመለክታል፡፡ አንዱ ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ፣ የቀዘቀዘው ሥራውን ለሌላው ጥሎ ተኝቷል ማለት ነው፡፡ በዚህ ወቅት ሾኩ እጅ የሚያቃጥል ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ መጨበጥ አይገባም፡፡ የእጅን ጀርባ ቀስ ብሎ ማስጠጋት ወይም በርቀት የሚለካ የሙቀት መለኪያ መጠቀም ይመረጣል፡፡ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ያለው ሾክ ከዚያ በሚመጣ ሙቀት ሊሞቅ እንደሚችልም ግምት ውስጥ መግባት አለበት፡፡

የመጨረሻው ሾኩን ከታች ማሰሪያው ፈትቶ በእጅ መሳብና መግፋት ነው፡፡ ጤነኛ ሾክ በሙሉ ርቀቱ እኩል ተቃውሞ ይሰጣል፡፡ መሀል ላይ ባዶ ሆኖ የሚንሸራተት፣ የሚነክስ ወይም በውስጡ የሚንኳኳ ከሆነ መለወጥ ይኖርበታል፡፡ ብዙ አምራቾች 80 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ሾክ እንዲመረመርና እንደ ሁኔታው እንዲለወጥ ይመክራሉ፡፡ ይህ መነሻ ነው እንጂ ቁርጥ ያለ ዕድሜ አይደለም፡፡ አብዛኛውን ጊዜውን በጠጠርና በአቧራ የሚያሳልፍ መኪና ከዚያ በፊት ሊደክም ይችላል፡፡

ሾክ ተለውጦ ችግሩ ሳይፈታ የሚቀርበት አጋጣሚም እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል፡፡ የመኪናው የኋላ ክፍል ባዶውን ሳለ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ ከታየ ወይም በአንድ ጎኑ ካጋደለ ጥፋቱ የባሌስትራው ወይም የሞላው ነው፡፡ አዲስ ሾክ የወረደን መኪና አያነሳም፡፡ መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወደ ጎን የሚዋዥቅ ከሆነ የባሌስትራ ማሰሪያ ቡሎኖችን፣ የአክስል መያዣ ዘንጎችን ጎሚኒዎችና የጎማ ንፋስን አስቀድሞ መመርመር ይገባል፡፡ ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ብቻውን መኪናውን ሊያስዘልል ይችላል፡፡ ስለዚህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል የጎማ ንፋስ፣ ባሌስትራ ወይም ሞላ፣ ጎሚኒ፣ ከዚያም ሾክ ነው፡፡

ትክክለኛውን ዕቃ መምረጥ

በግዥ ጥያቄ ላይ «የላንድክሩዘር የኋላ ሾክ፣ ብዛት 2» ብሎ መጻፍ በቂ አይደለም፡፡ ላንድክሩዘር የሚለው ስም በርካታ ሞዴሎችን ያቀፈ በመሆኑ የአንዱ ሾክ ለሌላው ላይሆን ይችላል፡፡ የሞዴሉ መለያ፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የተመረተበት ዓመት፣ የኋላው ተሸካሚ ባሌስትራ ወይም ሞላ መሆኑ፣ እንዲሁም መኪናው ከፋብሪካ ከወጣበት ቁመት ከፍ ወይም ዝቅ ተደርጎ ከሆነ በግልጽ ሊሰፍር ይገባል፡፡ ከሚገባው በላይ አጭር ሾክ አክስሉ ሲወርድ ተለጥጦ ይነቀላል፡፡ ከሚገባው በላይ ረጅም ከሆነ ደግሞ መኪናው ሲታመቅ ታች ነክቶ ይሰበራል፡፡

ሾክ ምንጊዜም በጥንድ ይለወጣል፡፡ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ የመኪናው ግራና ቀኝ የተለያየ ባህርይ ስለሚኖራቸው፣ በተለይ ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ሊያደላ ይችላል፡፡ በጨረታ ግምገማም ዝቅተኛ ዋጋን ብቻ መመዘኛ ማድረግ አያዋጣም፡፡ የአምራቹ የዕቃ ቁጥር ከማሸጊያውና ከዕቃው ላይ ጋር መመሳሰሉ፣ አቅራቢው ዋስትና መስጠቱና ዕቃው ገቢ ከመሆኑ በፊት በመካኒክ መታየቱ አስመስለው ከተሠሩ ዕቃዎች ይከላከላል፡፡ በሞዴል 19 ገቢ የሚደረገው ዕቃ በጥያቄው ላይ የሰፈረው ዕቃ ስለመሆኑ የቴክኒክ ባለሙያ ፊርማ ቢታከልበት የንብረት ክፍሉን ሥራ ያቀልላል፡፡

አልፎ አልፎ ያረጀ ሾክን በስቶ ዘይት በመሙላትና መልሶ በመበየድ «ማደስ» ይታያል፡፡ ይህ ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም፡፡ ሾኩ ጋዝ ያለው ከሆነ በመብሳትና በማሞቅ ሊፈነዳ ይችላል፡፡ የሞተር ዘይትም የሾክን ዘይት አይተካም፡፡ በተበየደው ቦታ የሚፈጠረው መጣመም ደግሞ ፒስቶኑን በአጭር ጊዜ ይበላዋል፡፡

የመለወጡ ሥራ ቅደም ተከተል

የኋላ ሾክ መለወጥ ውስብስብ የሚባል ሥራ አይደለም፡፡ ልምድ ያለው መካኒክ የዛጉ ቡሎኖች ካላስቸገሩት በአጭር ሰዓት ያጠናቅቀዋል፡፡ ያም ሆኖ ከመኪና ሥር የሚሠራ በመሆኑ ጥንቃቄ ይጠይቃል፡፡ መኪናው በደልዳላና በጠንካራ መሬት ላይ ቆሞ የፊት ጎማዎቹ ከፊትና ከኋላ ታኮ ይደረግባቸዋል፡፡ ዛገት የሚያላቅቅ ዘይት በቡሎንና በዳዶዎቹ ላይ አስቀድሞ፣ ከተቻለ ከአንድ ቀን በፊት ይረጫል፡፡ መኪናው በክሪክ ከተነሳ በኋላ ሻንሲው በብረት መደገፊያዎች ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፡፡ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት፣ በድንጋይ ወይም በብሎኬት መደገፍ ለሞት የሚዳርግ ስህተት ነው፡፡

ቀጥሎ ሁለተኛ ክሪክ ከኋላ አክስሉ ሥር ገብቶ በቀስታ ይደግፈዋል፡፡ ይህ እርምጃ በተለይ ሞላ ላላቸው ተሽከርካሪዎች ወሳኝ ነው፡፡ አክስሉ ወደ ታች ከመጠን በላይ እንዳይወርድ የሚገታው ብዙውን ጊዜ ሾኩ ስለሆነ፣ ሳይደገፍ ከተፈታ አክስሉ በድንገት ይወርዳል፡፡ የፍሬን ቱቦው ሊለጠጥና ሊበጠስ፣ ሞላውም ከቦታው ሊወጣ ይችላል፡፡ ከዚህ በኋላ የታችኛው፣ ከዚያም የላይኛው ማሰሪያ ይፈታል፡፡ የላይኛው ዳዶ ሲፈታ ዘንጉ አብሮ የሚሽከረከር ከሆነ ጫፉን በተዘጋጀለት መያዣ መያዝ ይገባል፡፡ ዘንጉን በፒንሳ መንከስ በለሰለሰው ገጽ ላይ ጭረት ስለሚያስቀር በተለይ አዲሱ ሲገጠም የተከለከለ ነው፡፡

አሮጌው ሲወጣ የሮንዴላዎቹና የጎሚኒዎቹ አደራደር መመዝገብ ወይም በስልክ ፎቶ መነሳት አለበት፡፡ አዲሱ ባለ ሁለት ቱቦ ሾክ በመጋዘን ውስጥ ተጋድሞ ከቆየ አየር ወደ መሥሪያ ክፍሉ ሊገባ ስለሚችል፣ ከመገጠሙ በፊት ቀጥ አድርጎ ይዞ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ በቀስታ መለጠጥና ማመቅ ይመከራል፡፡ ጋዝ ያለው ሾክ በማሰሪያ ታስሮ የሚመጣ ከሆነ ማሰሪያው የሚቆረጠው አንዱ ጫፍ ከተያዘ በኋላ ነው፤ ዘንጉ በኃይል ሊወጣ ይችላልና፡፡ ጎሚኒዎቹ በናፍጣም ሆነ በሞተር ዘይት መነካት የለባቸውም፡፡

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጨረሻው እርምጃ ነው፡፡ በቡሎን የሚታሰር ጎሚኒ ያለው ጫፍ ሙሉ በሙሉ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው ላይ አርፎ፣ አክስሉ በተለመደው ቁመቱ ላይ እያለ ነው፡፡ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ጎሚኒው መኪናው ሲወርድ ተጠማዝዞ ይቀርና በአጭር ጊዜ ይቀደዳል፡፡ የማጥበቂያው ልክም በአምራቹ መመሪያ መሠረት በመለኪያ ቁልፍ ሊሆን ይገባል፡፡ ሥራው እንዳበቃ መኪናው በአጭር ርቀት በዝግታ ይሞከራል፤ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላም ማሰሪያዎቹ ዳግም ይፈተሻሉ፡፡

የአሽከርካሪው፣ የመካኒኩና የኃላፊው ድርሻ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ተግባራዊ የሚሆነው ሦስት ወገኖች ሲናበቡ ነው፡፡ አሽከርካሪው የመኪናውን ሥር በየሳምንቱ ዝቅ ብሎ መመልከትና ያየውን በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠበቅበታል፡፡ ለረጅም ጊዜ አንድ መኪና የያዘ አሽከርካሪ ድካሙን ስለለመደው ላያስተውለው እንደሚችል ቀደም ሲል ተገልጿል፡፡ መፍትሔው ቀላል ነው፡፡ በፈቃድ ወይም በዝውውር ምክንያት ሌላ አሽከርካሪ መኪናውን ሲረከብ የመጀመሪያ ቀን አስተያየቱ እንዲመዘገብ ማድረግ ይቻላል፡፡ አዲስ እጅ የሚያስተውለውን የለመደ እጅ ያልፈዋል፡፡

መካኒኩ በበኩሉ «ሾክ ይለወጥ» ብሎ ከመጻፍ ባሻገር ምን አይቶ እንዲህ እንዳለ ማለትም የዘይት መፍሰስ፣ የሙቀት ልዩነት ወይም የጎማ አበላል መሆኑን በሪፖርቱ ሊያሰፍር ይገባል፡፡ በምክንያት የተደገፈ ጥያቄ ለመፍቀድም ሆነ ለመከልከል ለወሳኙ አካል መሠረት ይሰጣል፡፡ የተፈታው አሮጌ ሾክ ለንብረት ክፍሉ ተመላሽ መደረጉም ዕቃው በትክክል ለመለወጡ ማረጋገጫ ይሆናል፡፡

የኃላፊው ድርሻ ደግሞ ጥያቄውን በወቅቱ መመልከት ነው፡፡ ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራና የቦሎ እድሳት የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፡፡ በሁለት ምርመራዎች መካከል ባሉት ወራት መኪናው ለመንገድ ብቁ ስለመሆኑ ኃላፊነቱን የሚሸከመው ስምሪት የሚፈቅደው አካል ነው፡፡ ያገለገለ መኪና ከሌላ መሥሪያ ቤት በዝውውር ሲመጣም ርክክቡ በትርፍ ጎማና በክሪክ ቆጠራ ብቻ መወሰን የለበትም፡፡ ጎማዎቹ በእጅ መዳበስ፣ ሾኮቹ በዓይን መታየት፣ መኪናውም ከግቢ ውጭ በሸካራ መንገድ ላይ መሞከር አለበት፡፡

አንድ ጥንድ የኋላ ሾክ ያለ አግባብ ከሚበሉ ጎማዎች፣ ከሚሰነጠቅ ሻንሲና ከሚጎዳ ባሌስትራ ጋር ሲነጻጸር ወጪው አነስተኛ ነው፡፡ ከዓባይ ሸለቆ ቁልቁለትም ሆነ ከሊማሊሞ ጠመዝማዛ ኩርባ ላይ ከሚደርስ አደጋ ጋር ግን ከነጭራሹ ለንጽጽር የሚቀርብ አይሆንም፡፡ ከኋላ አግዳሚው ወንበር ላይ የሚቀመጡት የጤና፣ የግብርና፣ የትምህርትና የሌሎች ዘርፎች ባለሙያዎች ስለመኪናው ሥር የሚያውቁት ነገር የለም፡፡ ማለዳ ሲሳፈሩ የሚተማመኑት ከእነርሱ በፊት ዝቅ ብሎ ባየ አሽከርካሪ፣ በትክክል በመዘገበ መካኒክና ጥያቄውን ሳያሳድር በፈረመ ኃላፊ ነው፡፡

በመሆኑም በሚቀጥለው የመስክ ስምሪት «መንገዱ አስቸጋሪ ነበር» የሚል ሪፖርት ሲቀርብ፣ ከመንገዱ ሁኔታ ጋር የመኪናውም ሁኔታ ሊጠየቅ ይገባል፡፡ የኋላ ሾኮቹ መቼ ታዩ? መቼስ ተለወጡ? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በተሽከርካሪው ማኅደር ውስጥ መልስ ካልተገኘ ፍተሻው ከቀጣዩ ጉዞ በፊት መከናወን ይኖርበታል፡፡